ካባ ለባሽ ቫይረሶች ወደ ህዋስ የሚገቡበት መንገድና በሩን የመዝጋት ጥበብ፦ ከሽንፋ ቆላ የተነሣ ገለጻ



የዚህ ገለጻ ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሽንፋን ከቫይረስ ጋር ምን አገናኛት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሽንፋን የምናውቃት በሰሊጧና በሙቀቷ ነው። ወንዟ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ ወርዶ የመተማን ቆላ ያቋርጥና ሱዳን ሲገባ ራሃድ የሚል ስም ይዞ ከዓባይ ይቀላቀላል። በበጋ ውኃው ይቆራረጥና በየጉድጓዱ ብቻ ይቀራል፤ ሰው፣ ከብት፣ ውሻና አውሬ እዚያው ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጆን ካፕልማን ቡድን ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት እንዳሳየን፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን የኖሩ ሰዎችም በዚያው ወንዝ ዳር በደረቁ ወራት ከየኩሬው ዓሣ እያወጡ ይመገቡ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽንፋን የመረጥኩት ግን ለአርኪዮሎጂ አይደለም። በአጨዳ ወቅት ከደጋው ወደዚያ ቆላ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ከጤና ተቋም ርቆ ይሠራል። በየእርሻ ካምፑ ውሾች አሉ። ድንበሩ ቅርብ ነው፤ ሰውም እንስሳም ወዲህና ወዲያ ይላል። የቫይረስን የአገባብ ሥነ ሕይወት ለማስረዳት፣ ከዚያም በላይ ያ ዕውቀት ሰውን የሚያድንበትንና የማያድንበትን ሰዓት ለማሳየት፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ዋና ምሳሌዬ የእብድ ውሻ በሽታ ይሆናል። ኤች አይ ቪንና ኮሮናን በየመካከሉ ለማነጻጸሪያ አነሣቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። ቫይረሶችን በውጫዊ ልብሳቸው በሁለት ከፍለን ማየት እንችላለን። አንዳንዶቹ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ያላቸው ናቸው፤ የፖሊዮ፣ የሄፓታይተስ ኤ እና የሮታ ቫይረሶች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ በቅርፊታቸው ላይ ስስ የስብ ሽፋን ይደርባሉ። ይህን ሽፋን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከተባዙበት ህዋስ ሲወጡ ከህዋሱ ሽፋን ቆርሰው ለብሰውት ይሄዳሉ። ስለዚህ በዛሬው ገለጻዬ «ካባ ለባሽ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ኮሮና፣ ኢቦላና ማርበርግ ሁሉም ካባ ለባሾች ናቸው።

ካባው ለቫይረሱ ጥቅምም ድክመትም ነው። ድክመቱን እናስቀድም። ስብ በሳሙና ይፈርሳል። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፉ ውኃን፣ ሌላኛው ጫፉ ስብን ይወዳል፤ ስብ ወዳዱ ጫፍ በካባው ውስጥ ይሰነጠርና ይበጣጥሰዋል። ካባው ከሄደ ደግሞ በላዩ ላይ የተተከሉት የመግቢያ ፕሮቲኖች አብረው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የቫይረሱ የዘር መልእክት ሳይነካ ቢቀር እንኳ ወደ ህዋስ የሚገባበት መሣሪያ የለውም። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሳሙና ቫይረሱን «አጥቦ ስለሚወስደው» ብቻ የሚጠቅም ይመስላቸዋል። ማጠቡም እውነት ነው፤ በካባ ለባሾች ላይ ግን ሳሙና ከዚያ የበለጠ ይሠራል። አልኮል በኮሮና ላይ በርትቶ በፖሊዮና መሰሎቹ ላይ የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንሂድ። የህዋስ ሽፋንም ስብ ነው፤ የቫይረሱ ካባም ስብ ነው። ሁለቱ ቢዋሐዱ የቫይረሱ ውስጠኛ ክፍል ያለ አንዳች ቀዳዳ በቀጥታ ህዋሱ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሁለት የዘይት ጠብታዎች በውኃ ላይ ሲገናኙ አንድ እንደሚሆኑት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሁለት የስብ ሽፋኖች በራሳቸው ፈቃድ አይዋሐዱም። በመካከላቸው ያለውን ውኃ ገፍቶ ማውጣትና ሁለቱን እስኪነካኩ ማቅረብ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ጉልበት የሚያወጣው በካባው ላይ የተተከለው ፕሮቲን ነው።

የዚህ ፕሮቲን አሠራር ከተወጠረ ወጥመድ ጋር ይመሳሰላል። ቫይረሱ ከህዋስ ሲወጣ ፕሮቲኑ ጉልበት አምቆ፣ ስብ የሚወድ ጫፉን ወደ ውስጥ ደብቆ ይወጣል። ምላጩ ካልተነካ አይፈነጠርም። ምላጩ ሲነካ ቅርጹን በአንድ ጊዜ ይለውጣል፤ የተደበቀው ጫፍ ተወርውሮ በህዋሱ ሽፋን ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ፕሮቲኑ ለሁለት እንደሚታጠፍ ቢላዋ ተጣጥፎ ሁለቱን ሽፋኖች ያጋጫቸዋል። ወጥመዱ ያለ ጊዜው ከፈነጠረ ቫይረሱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የቫይረሱ ህልውና የተመሠረተው ምላጩ በትክክለኛው ቦታና ጊዜ በመነካቱ ላይ ነው።

ምላጩን የሚነካው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቫይረሶች ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ለሐኪም ከሁሉ የሚበልጥ ትርጉም አለው። ለኤች አይ ቪ ቁልፉ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ጂፒ120 የተባለው ፕሮቲኑ ሲዲ4 ከተባለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 የተባለ ሁለተኛ ተቀባይ ይፈልጋል። ሁለቱም ሲገኙ ጂፒ41 የተባለው አካል ወጥመዱን ይለቃል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በህዋሱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በከረጢት ተውጦ ወደ ውስጥ ይወሰዳል። ህዋሱ ያን ከረጢት ኢንዶሶም የምንለው ክፍል ያደርገውና ቀስ በቀስ አሲዳማ ያደርገዋል፤ ያ አሲድ ነው ምላጩን የሚስበው። ህዋሱ የዋጠውን ነገር ለመፍጨት የሚያዘጋጀው አሲድ ለቫይረሱ «አሁን ደርሰሃል» የሚል ምልክት ሆነ ማለት ነው።

የኮሮና ቫይረስ በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። ኤሲኢ2 ከተባለው ተቀባይ ጋር ከተያያዘ በኋላ በህዋሱ ላይ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የተባለ ቆራጭ ኢንዛይም ካገኘ እዚያው ከውጭ ይዋሐዳል፤ ካላገኘ በኢንዶሶም በኩል ይዞራል። ይህ የመጽሐፍ ዝርዝር ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ2020 ከሱዳን በመተማ በኩል የሚመለሱ ወገኖቻችን በለይቶ ማቆያ በሚቆዩበት ሰዓት ዓለም ሁሉ ስለ ክሎሮኪን ያወራ ነበር። የቆላ ሰው ክሎሮኪንን ያውቃታል፤ በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ የምትሰጥ መድኃኒት ናት። ክሎሮኪን ኢንዶሶም አሲዳማ እንዳይሆን ታደርጋለች። በቤተ ሙከራ በሚራቡ የዝንጀሮ ኩላሊት ህዋሳት ላይ ሲሞክሯት ቫይረሱን አገደችው፤ እነዚያ ህዋሳት ቆራጩ ኢንዛይም ስለሌላቸው የኢንዶሶሙ በር ብቻ ነበር ክፍት። የሰው የሳንባ ህዋስ ግን ሁለተኛው በር አለው። በታላላቆቹ የሕክምና ሙከራዎች የእርሷ የቅርብ ዘመድ የሆነችው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ሳትጠቅም ቀረች። የተዘጋው በር ሌላ፣ ቫይረሱ የገባበት ሌላ ነበር። በእኔ አመለካከት የአገባብ ሥነ ሕይወትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዘመናችን አልተገኘም።

እንግዲህ ወደ ሽንፋ ልመለስ።

አንድ የቀን ሠራተኛ በሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለ እብድ ውሻ ባቱን ነከሰው እንበል። በውሻው ለሃጭ ውስጥ ያለው ቫይረስ የጥይት ቅርጽ አለው። ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በውስጡ አምስት ፕሮቲኖችን ብቻ የሚያዝ መልእክት አለ፤ ከአምስቱ በካባው ላይ ወደ ውጭ የተተከለው አንድ ብቻ ነው፤ ጂ ፕሮቲን ይባላል። የመለጠፉም የመዋሐዱም ሥራ የእርሱ ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ክትባቱም መድኃኒቱም የሚያነጣጥሩት በዚህ በአንዱ ላይ ነው።

ቫይረሱ ከቁስሉ ውስጥ በቀጥታ ወደ አንጎል አይበርም። በተነከሰው ጡንቻ አካባቢ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በዚያ የሚፈልገው የነርቭን ጫፍ ነው። ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ የሚቀበል ተቀባይ አለ፤ ቫይረሱ ከሚለጠፍባቸው ተቀባዮች አንዱ እርሱ ነው። ቶማስ ሌንትዝና ባልደረቦቹ ይህን በ1982 አመለከቱ፤ በ1984 ደግሞ የጂ ፕሮቲን አንድ ክፍል እንደ ኮብራ ባሉ እባቦች መርዝ ውስጥ ከሚገኝ ፕሮቲን ጋር እንደሚመሳሰል አሳዩ። የእባቡ መርዝ ጡንቻን የሚያሽመደምደው ያንኑ ተቀባይ ይዞ ነው። እባብ በሚበዛበት ቆላ ለሚሠራ ሐኪም ይህ ዝምድና የሚያስገርም ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ፍጥረቶች አንድ እጀታ ለመያዝ ተመሳሳይ ጣት አበቀሉ።

ነርቡ ቫይረሱን በከረጢት ይውጠዋል። ነገር ግን የነርቭ ህዋስ እንደ ሌላው ህዋስ አይደለም፤ ጫፉ ባት ላይ ሲሆን አካሉ የሚገኘው ከአከርካሪ አጥንት ውስጥ ነው። በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ጭራ አለ። ህዋሱ በዚህ ጭራ ላይ ዕቃ የሚያመላልስበት ሞተር ፕሮቲን አለው። ቫይረሱ ካባውን ሳያወልቅ፣ በከረጢቱ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በዚያ ሞተር ወደ ላይ ይጫናል፤ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። አሲዱ ምላጩን ስቦ መዋሐዱ ሲፈጸምና መልእክቱ ሲፈስስ መባዛት ይጀምራል፤ ከነርቭ ወደ ነርቭ እየተሻገረም አንጎል ይደርሳል። የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ነው፤ አንዳንዴ በሳምንት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የተረፉት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ሕፃን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራንም ለዚህ ነው፤ መንገዱ አጭር ነው፣ የነርቭ ጫፉም ብዙ ነው።

ከዚህ ሥነ ሕይወት ውስጥ አንድ ያልተለመደ ዕድል ይወጣል። ሉዊ ፓስተር ሐምሌ 6 ቀን 1885 የተነከሰውን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ሲከትበው የተጠቀመበት ዕድል ይኸው ነው፤ ከተጋለጡ በኋላ መከተብ። ለኩፍኝ ወይም ለኢንፍሉዌንዛ ይህን ያህል ጊዜ የለንም። ቫይረሱ ከነርቭ ጫፍ ውጭ እያለ ፀረ እንግዳ አካል ካገኘው ጂ ፕሮቲኑ ይሸፈናል፤ መለጠፍም ቅርጽ መለወጥም አይችልም። ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ፀረ እንግዳ አካል በቀላሉ አይደርስበትም።

በሩን የመዝጋቱ ሥራ በሦስት እርከን ይከናወናል። የመጀመሪያው ውኃና ሳሙና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቁስሉ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ውኃና በሳሙና እንዲታጠብ ይመክራል። ካባው በስብ እንደተሠራ ለተረዳ ሰው ይህ ምክር የመንደር ንጽሕና ትምህርት አይደለም፤ ጥልቅ የሆነ ፀረ ቫይረስ ሕክምና ነው። ሽንፋ ውስጥ፣ በማንኛውም ካምፕ፣ ያለ ሐኪምና ያለ መኪና ሊፈጸም ይችላል። 15 ደቂቃ ደግሞ ረጅም ነው፤ እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛው ክትባቱ ነው። ሰውነት በቂ ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሦስተኛው ያን ክፍተት የሚሞላው ተዘጋጅቶ የሚወጋው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፤ ቆዳው ለተበሳና ለደማ ቁስል ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ከሰው ደም የተዘጋጀ ከሆነ በኪሎ 20፣ ከፈረስ ከሆነ 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት። የሚወጋውም በዋናነት ክንድ ላይ ሳይሆን ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው። ለምን? ቫይረሱ ያለው እዚያ ስለሆነ፣ ነርቡም የሚከፈተው እዚያ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ሲያጠኑት እረሳባቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ የአገባቡን ሥርዓት ካወቁት ግን ሊረሱት አይችሉም።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የፌርሚ ዓይነት ነበር፤ በየቀኑ ሆድ ላይ ከ14 ጊዜ ያላነሰ ይወጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ ይህ ዓይነት ክትባት እንዲቀር ሲመክር ቆይቷል፤ ምክንያቱም የመከላከል ኃይሉ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ በውስጡ ያለው የአንጎል ሥጋ የተከታቢውን የገዛ ነርቭ የሚያጠቃ መዘዝ ሊያስነሣ ይችላል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ከተማ መቀመጥ። በህዋስ እርባታ የሚዘጋጀው ዘመናዊ ክትባት በጥቂት ቀጠሮዎች ያልቃል።

የችግሩን ስፋት በቁጥር ላስቀምጠው። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ 99 በመቶው በውሻ ምክንያት ነው። ለኢትዮጵያ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት 2,700 ያህል ነው። ወደ አካባቢያችን ስንመጣ ዶክተር ውዱ ተመስገንና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያሳተሙት ጥናት አለ። ጥናቱ መተማንና ቋራን ይጨምር በነበረው በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በዓመት ከ100,000 ሰው 2.33 ሰው በበሽታው እንደሚያዝ ገምቷል። የሞቱት ሁሉ የተያዙት በውሻ ንክሻ ነበር። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ሕዝቡ ስለ በሽታው ጥሩ ግንዛቤ ነበረው፤ ሆኖም በባህል መድኃኒት ላይ ያለው እምነት በጊዜ ወደ ክትባት እንዳይሄድ ሊያዘገየው እንደሚችል ታየ።

በዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልስጥ። የባህል መድኃኒት አዋቂውን ወይም ጠበሉን መንቀፍ ለእኛ ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። ከተነከሱት ሁሉ በበሽታው የሚያዘው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ውሻው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ለሃጩ በልብስ ተጠርጎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የዳኑት ሰዎች መድኃኒቱን ይመሰክሩለታል፤ ያልዳኑት ከወራት በኋላ ስለሚሞቱ ሞታቸው ከመድኃኒቱ ጋር አይያያዝም። ረጅሙ የመፈልፈያ ጊዜ ለክትባት ዕድል እንደሚሰጥ ሁሉ ለተሳሳተ ተስፋም ዕድል ይሰጣል። ወደ አዋቂው የሚሄድ ሰው ቁስሉን አስቀድሞ እንዲያጥብ፣ ክትባቱንም ጎን ለጎን እንዲጀምር ማግባባት የሚቻል ይመስለኛል፤ አዋቂዎቹን ራሳቸውን አጋር አድርጎ።

«ውሻውን አስረን እንየው፣ ካበደ ያን ጊዜ እንከተባለን» የሚለውን አስተሳሰብ በተመለከተ ግን ልናጠብቅ ይገባል። ውሻን ለ10 ቀን መከታተል የታወቀ ደንብ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር መኮንን ፈቃዱ በአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት፣ በ1982 በታተመው ሙከራ፣ ከኢትዮጵያ ውሻ የተገኘ ቫይረስ የተሰጣቸው ውሾች አንዳንዶቹ የሕመም ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን አስቀድመው በለሃጫቸው ቫይረስ ያወጡ ነበር። ይህ በሙከራ የተገኘ ጠርዝ ነው፤ ደንቡን አይሽርም። ነገር ግን ክትትሉ ክትባቱን ለማቋረጥ ይጠቅማል እንጂ ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ክትባቱ ዛሬ ይጀመራል፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ይቆማል።

ስለ ኤች አይ ቪ የገባሁትን ቃል አጠር አድርጌ ልፈጽም። በሩን የሚዘጉ መድኃኒቶች ለእርሱም ተሠርተዋል፤ ኢንፉቪርታይድ በ2003 ወጥመዱ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ፣ ማራቪሮክ በ2007 የሲሲአር5ን ተቀባይ የሚይዝ። ሁለቱም በአገራችን የተለመዱ አልሆኑም። የመጀመሪያው በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ነው፤ ሁለተኛው ቫይረሱ የትኛውን ተቀባይ እንደሚጠቀም አስቀድሞ መመርመርን ይጠይቃል። በምትኩ የምንሰጠው ዶሉቴግራቪርን የያዘው ክኒን ቫይረሱ ከገባ በኋላ ዘሩን ከህዋሱ ዘር ጋር እንዳይቀላቅል ያግደዋል። ለኤች አይ ቪ በሩ ቢከፈትም እልፍኙ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ለዚህም ነው ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት ያለው። ለእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ያለ እልፍኝ እስካሁን አልተገኘም። የቀረን በሩ ብቻ ነው።

በሩን ለመዝጋት ደግሞ ዕቃው በቦታው መኖር አለበት፤ ንግግሬን በዚህ ተግባራዊ ጉዳይ እፈጽማለሁ። የክትባቱን መጠን ለመቆጠብ የዓለም የጤና ድርጅት በቆዳ ውስጥ የሚሰጠውን አሰጣጥ ይደግፋል፤ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን፣ በየጊዜው በሁለት ቦታ ጥቂት ጠብታ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሆኖም የተከፈተ ብልቃጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በየቀኑ ብዙ ተነካሾች በሚመጡበት የጎንደር ዓይነት ከተማ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰው ለሚመጣበት የቆላ ጤና ጣቢያ ግን ቁጠባው ይጠፋል። ስለዚህ ለሽንፋና ለመሰሎቿ በጡንቻ የሚሰጠውን ሙሉ ብልቃጥ አስቀምጦ መጀመሪያውን ክትባት እዚያው መስጠት፣ ቀሪውን በቀጠሮ ማድረግ የተሻለ እንደሆነ አምናለሁ። ኢሚውኖግሎቡሊንን በተመለከተ፣ በቤተ ሙከራ የሚመረቱ ነጠላ ፀረ እንግዳ አካላት በ2021 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ከሰውም ከፈረስም ደም መቅዳት አያስፈልጋቸውም። በውሻው በኩል ደግሞ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። በእርሻ ካምፖች ያሉትን ውሾች ማን ይቆጥራቸዋል፣ ከአጨዳው በፊት ባለው ወር ማን ይከትባቸዋል የሚለውን ጥያቄ በአዳራሹ ላሉት የእንስሳት ሕክምና ባልደረቦቼ አስተላልፌ መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ።